ልጃችንን ለበረዶ ስንድር

ሬንተን፣ ጥቅምት 12 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎት አክስቴ ለእቴቴ አገሬ፣
ደብረ ብርሃን

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ፣ ጎረቤትዎ፣ ያቺ ሰው የምትነክስ ዶሮዎ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ናፍቆትዎ ቢበረታብኝም ክብደት ጨምሬያለሁ፤ ናፍቆት ያከሳል የሚሉ ሰዎች የእትዬ ሥራዬን ወጥ አልቀመሱም። ታናሽ ወንድምዎ ጋሼ ሀብተ ጊዮርጊስና ባለቤታቸው እትዬ ሥራዬ ሰላምታ ያቀርባሉ። አቅርቡ ብዬ አልጠየቅኳቸውም፤ ብጠይቃቸው ግን ያቀርቡ ነበር።

እቴቴ፣ አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩ ጊዜ ‘አንተ ልጅ ምን ሆነህ ልትኖር ነው’ ብለው ነበር። ይኸው ሆንኩ። የበረዶ ሹፌር ሆንኩ። አይሳቁ። እዚህ ሲያትል አጠገብ አንድ ትልቅ አዳራሽ አለ፤ ወለሉ ላይ ውኃ ያፈሱና ሆን ብለው በረዶ ያደርጉታል። ሰው ሲንሸራተትበት ይሻክራል፤ እኔ ትራክተር በመሰለች መኪና እየዞርኩ አለሰልሰዋለሁ። ደብረ ብርሃን ጠዋት ጠዋት በነፃ የሚጥለውን ውርጭ እዚህ ሰው ቲኬት ቆርጦ ይገባበታል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። የጋሼ ልጅ ኖላዊት፣ ያቺ በላክሁልዎት ፎቶ ላይ ጥርሷን ሽቦ ያሳሰረችው፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሞላት። እዚያው አዳራሽ ትሮጣለች። ሩጫ ስልዎት እርስዎ የሚያውቁት ዓይነት አይደለም። ጫማዋ ሥር ረጅም ምላጭ አለ። አምስት ስድስት ሆነው ጠባብ ሜዳ ይዞራሉ፤ ሁልጊዜ ወደ ግራ። መታጠፊያው ላይ ከመጋደላቸው የተነሳ በግራ እጃቸው ጣቶች በረዶውን ዳሰስ ያደርጉታል። ከተማ ውስጥ የምትሄድ መኪና ያህል ይፈጥናሉ፤ ፍሬን ግን የላቸውም። አንዷ ከወደቀች ሌላዋን ይዛ ግድግዳው ላይ ነው። ግድግዳው ፍራሽ ለብሷል፣ አይስጉ። ሾርት ትራክ ይሉታል።

ሶ፣ ልጅቷ ጎበዝ ናት። ኮች ቾይ የሚባለው ኮሪያዊ አሠልጣኟ ዩታ ወደሚባለው ስቴት፣ ትልልቆቹ ወደሚለማመዱበት ሊወስዳት ፈልጓል። እዚያ ከተመረጠች ኦሎምፒክ ነው። ጋሼ ግን አይሆንም አሉ። ‘ሴት ልጅ ሳትዳር ከቤቴ አትወጣም፣ ፋርማሲስት ትሆናለች፣ አለቀ’ አሉ። ኖላዊት በእንግሊዝኛ መለሰችላቸው። ጋሼ በሩን በአማርኛ ዘጉት።

ጋሼ በዚህ ዓለም የሚፈሩት ፖሊስንና እርስዎን ብቻ ነው። ፖሊስ በዚህ ጉዳይ አይገባም ብለውኛል። ስለዚህ አንድ መስመር ይጻፉላቸው። ስልክ ለመርዶ ነው ባይሉ ኖሮ ኮል አድርጌ እለምንዎት ነበር።

አሳድገው የማይገላገሉኝ፣
ፋኑኤል


ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለልጄ ለፋኑኤል፣

አምላክ ከክፉ ሰው ይጠብቅህ፤ ሰውንም ከአንተ ይጠብቅ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው። ዶሮዋን አርጄያታለሁ፤ ደህንነቷን የጠየቅኸው ትንሽ ዘግይተህ ነው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ‘ሶ’ ያልካት ነገር ምንድን ናት? መሠረተ ትምህርት ላይ ስማር አላየኋትም። ለመምህሩ ሳህሌ ባሳየው እሱም አላወቃትም። ሁለተኛ አትጻፍልኝ።

ስለ ልጅቷ የጻፍከውን አንብቤዋለሁ።

ብርዱ ዘንድሮ ጠንክሯል። የማነቢያ መነጽሬ አንዱ መስታወት ተሰንጥቋል፤ የሚመጣ ሰው ካለ ላክልኝ።

አምና ምን ብለህ እንደጻፍክልኝ ታስታውሳለህ? ሲያትል ፀሐይ በራሽን ነው የምትታደለው፣ ለአንድ ቤተሰብ በወር አንድ ሳምንት፣ ደብተሩም በጋሼ ስም ነው አልከኝ። እኔ ሞኟ እድር ላይ አወራሁት። እስከ ዛሬ ገና ስገባ ‘አገሬ፣ ፀሐይሽ ደረሰሽ ወይ?’ ይሉኛል። አሁን ደግሞ ምላጭ ላይ ቆማ የምትሮጥ የወንድሜን ልጅ አመጣህልኝ። ለወንድሜ አንድ መስመር ከመጻፌ በፊት ከአንተ ሌላ ምስክር አምጣ። ጢም ያለው ይሁን።

እናትም አክስትም የሆንኩህ፣
አገሬ


ሬንተን፣ መጋቢት 8 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለመልስዎ የከርሞ ሰው ይበለኝ ለሚያስብሉኝ ለእቴቴ አገሬ፣

ሰላምታዬ መነጽሩን ይዞ ይድረስዎት። መነጽሩን ያመጣልዎት ሰው ሐቀኛ ነው፤ እኔን ብዙም አያውቀኝም።

ጢም ያለው ምስክር ባሉት መሠረት ሁለት ጢምና አንድ ሽበት አገኘሁ። ጢሞቹ ሶዶ በሚሉት የሲያትል ሰፈር መጋዘን ጥበቃ የሚሠሩት የሰንበቴያችን ሊቀ መንበር አቶ ኪዳነ ወልድና ታክሲ የሚነዱት ጋሽ መልከጸዴቅ ናቸው። ሽበቱ ራሱ ኮች ቾይ ነው። ሁለቱን ጢሞች አዳራሽ ወስጄ ኖላዊት ስትሮጥ አሳየኋቸው። አቶ ኪዳነ ወልድ በመጀመሪያው ዙር ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ በሦስተኛው አንዱን ከፈቱ፣ በአምስተኛው ከመቀመጫቸው ተነስተው ቆሙ። ከዚያ ይህቺን ልጅ መያዝ ኃጢአት ነው፣ ሄደን አባቷን እናናግር ያሉት ራሳቸው ናቸው። እኔ ሐሳብ አላቀረብኩም። ሐሳቡ የቀረበበት መኪና ውስጥ ብቻ ነበርኩ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስቱ ደጃፋችን ላይ ተሰለፉ። አቶ ኪዳነ ወልድ ነጠላ አጣፍተው፣ ጋሽ መልከጸዴቅ ክራቫት አስረው፣ ቾይ ደግሞ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ አንድ ሣጥን ሙሉ ፖም ተሸክሞ። ተቀመጥ እስክትባል እንዳትቀመጥ ብዬ መክሬዋለሁ። አሠልጣኝ ስለሆነ ትእዛዝ ይገባዋል።

ጋሼ በሩን ከፈቱ። አቶ ኪዳነ ወልድ በዚህ ከተማ ያላጋቡት ሰው ስለሌለ አፋቸው እንደለመደው ‘ልጅዎን ፈልገን ደጅ ልንጠና መጥተናል’ ብለው ጀመሩ። ጋሼ ሦስቱን በየተራ አዩ። አቶ ኪዳነ ወልድ ሚስት አላቸው። ጋሽ መልከጸዴቅ ሚስት አላቸው። የጋሼ ዓይን ቾይ ላይ መጥቶ ቆመ። ሽበቱን አዩ፣ ሙሉ ልብሱን አዩ፣ ፖሙን አዩ። እቴቴ፣ እኔ ያኔ መናገር ነበረብኝ። ግን እንዲህ ያለ ነገር ሰው በዕድሜው ስንቴ ያገኛል?

‘ለዚህ?’ አሉ ጋሼ።

‘ለእሱ አይደለም’ አሉ ጋሽ መልከጸዴቅ። ‘ለበረዶው ነው።’

ጋሼ ተቆጥተው ነበር፤ ከቁጣው ሥር ግን ሳቅ ሲተናነቃቸው አይቻለሁ። ያም ሆኖ ሽማግሌ ከደጅ አይባረርም። ስለዚህ ሊያሳፍሯቸው የሚችሉበትን አንድ ጥያቄ መረጡ፤ ይህ ሰውዬ የማን ዘር ነው፣ ስንት ቤት ድረስ ይቆጥራል አሉ። ኖላዊት ደረጃው ላይ ተቀምጣ በእንግሊዝኛ አስተላለፈችለት። ቾይን ጥያቄው አልገረመውም። ፖሙን መሬት አስቀመጠ፣ እጁን አጣመረ፣ ጀመረ። አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ ወረደ። ጋሽ መልከጸዴቅ በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር፤ ጣት ሲያልቅባቸው የአቶ ኪዳነ ወልድን ጣቶች ተበደሩ። ለካ ኮሪያዎች ይህንን እንደ ዳዊት ነው የሚይዙት። ከሃያ ሲያልፍ እትዬ ሥራዬ ከወጥ ቤት ወጥተው ይሰሙ ጀመር። ቾይ ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ፣ በትልቅ አክብሮት፣ ጋሼስ ስንት ድረስ ይቆጥራሉ ብሎ አስጠየቀ።

ጋሼ ሰባት ላይ ቆሙ። ሰባተኛውንም እዚያው የፈጠሩት ይመስለኛል።

ከዚያ ‘ተቀመጡ’ አሉ።

ፖሙ ተበላ። መልሳቸው እንዲህ ነው። እናታችን ካረፉ ወዲህ የቤቱ ትልቅ አገሬ ናት፣ እሷ ትሂድ ካለች እሰጣለሁ፣ ትቅር ካለች ጫማውን እኔው እሰቅለዋለሁ። ቀጠሮው የእርስዎ ደብዳቤ እስኪደርስ ነው። ሦስቱም ከታች ፈርመዋል። ትናንሽ ጎጆዎች የሚመስለው የቾይ ፊርማ ነው።

ኖላዊት አይታዎት አታውቅምና ‘ትወደኛለች?’ ብላ ጠየቀችኝ። ጥፊ በፖስታ ቢላክ ኖሮ እኔ ጥርስ አይኖረኝም ነበር አልኳት። እየሳቀች ገባች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የፖስታ ሣጥኑን ከእሷ በቀር የሚከፍተው የለም።

ደጅ የሚጠናዎት፣
ፋኑኤል


ደብረ ብርሃን፣ ሰኔ 3 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለፋኑኤል፣

ጤናህን ይስጥህ። መነጽሩ ደርሶኛል፤ አሁን ውሸትህ ጎልቶ ይታየኛል።

ለምን ይህን ያህል ዘገዩ አትበለኝ።

ደብዳቤህን ለእድሩ ሴቶች አነበብኩላቸው። ፖሙ ላይ ስደርስ ማንም ማንንም አልሰማም፤ ደግመሽ አንብቢ አሉኝ፣ ደገምኩ። ፀሐዩን ይቅር ብለውሃል። ወንድሜ ሰባት ላይ መቆሙ ግን አሳፍሮኛል። አሥራ ሁለት ቤት ድረስ ጽፌ ለብቻው ልኬለታለሁ። በቃሉ ይያዝ።

አሁን ቃሌን ስማ፤ ለወንድሜም አንብብለት። ልጅቷ ትሂድ። ሽማግሌ ደጅ ጠንቶ ባዶ እጁን አይመለስም፤ ያ የሰው አገር ሰውም ዘሩን የሚያውቅ ሰው ነው፣ አደራ ይበላል ብዬ አላስብም። ቀጠሮ ግን አበጅቼላታለሁ። ለዚህ ለሚመጣው ኦሎምፒክ የሚመርጡ ጊዜ ከተመረጠች በርትታ ትቀጥል። ካልተመረጠች ቤቷ ትግባና መጽሐፏን ትያዝ። ቃሏን ትስጠኝ።

የሱፍ ጓንት ሠርቼ ልኬያለሁ። ስለዚያ ምላጭ ከእንግዲህ አትጻፍልኝ።

አገሬ


ሬንተን፣ ጥቅምት 28 ቀን 2002 ዓ.ም.

ይድረስ ለእቴቴ አገሬ፣

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ሁላችንም ደህና ነን።

ምርጫው አለፈ። አምስት ሴት ልጆች ናቸው የሚወሰዱት። ኖላዊት በመጨረሻው ውድድር በመጨረሻው መታጠፊያ አራተኛ ነበረች። ከፊቷ ያለችዋ ትንሽ ስትንገዳገድ ክፍተት አየችና በውስጥ በኩል ገባች። መታጠፊያውን የሚያሳዩ ትናንሽ ጥቁር ጎማዎች አሉ፤ አንዱን በጫማዋ ጫፍ ነካችው። ከዚያ ፍራሹ ድረስ ተንሸራተተች። ተነስታ ጨረሰች። ስድስተኛ ሆነች።

በዚያው ሳምንት ሻንጣዋን ይዛ ከዩታ መጣች። ቾይ ደብዳቤ ጻፈላት፣ ሁለቴ ኮል አደረገላት። ‘ለአክስቴ ቃል ሰጥቻለሁ’ ብላ ዘጋችው። አላለቀሰችም። ጫማዋን ጋራዥ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቀለችው። አሁን ዋይት ሴንተር በሚባል ሰፈር ወይዘሮ ኑሪያ ሱቅ ውስጥ በርበሬና ጨርቅ ትሸጣለች፤ ለሚመጣው ዓመት ኮሌጅ ተመዝግባለች። ጨዋ ሆነች፣ እቴቴ። ስጎነትላት ‘ኦኬ ፋኑ’ ትለኛለች። ድሮ ጫማ ነበር የምትወረውርብኝ።

ጋሼ ያሉት ሆኖላቸዋል፤ ደስ ሊላቸው በተገባ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ዘይት ልቀይር ጋራዥ ስገባ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጫማዋን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ምላጩን በጨርቅ ይወለውላሉ። ‘ይዝጋል’ አሉኝ። እኔም ቀልዴን ዋጥ አድርጌ ዘይቱን ቀየርኩ፤ እኔ ማለቴን ልብ ይበሉልኝ።

ምላጭ አትጻፍ ብለውኝ ነበር። ይቅርታ። ይህንን ያለ ምላጭ መጻፍ አልቻልኩም።

ፋኑኤል


ደብረ ብርሃን፣ ጥር 14 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለፋኑኤል፣

ሰላም ለቤቱ ሁሉ ይሁን።

ቀጠሮውን ያበጀሁት እኔ ነኝ። አንስቼዋለሁ።

ይህንን ለልጅቷ ብጽፍላት ስላዘዝኳት የሄደች ይመስላታል። ስላዘዝኳት ነው የተመለሰችውም። ደግሜ አላዝም። ለወንድሜ ንገረው፤ ሽማግሌ ተቀብሎ ልጁን የሰጠ ሰው፣ አሁን ራሱ ሽማግሌ ሆኖ ይሂድና ልጁን ይለምናት። አሥራ ሁለቱን ካልያዘ አይሂድ።

የሆነውን ሁሉ ጻፍልኝ። ምላጩንም ጨምረህ ጻፍ።

አገሬ


ሬንተን፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለቤታችን ትልቅ፣ ለሁላችንም ዳኛ ለእቴቴ አገሬ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረስዎ። እኔ ጮቤ እየረገጥኩ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ቢንጋደድ በዚያ ይያዙልኝ።

ጋሼ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበቡና ሙሉ ልብሴ የት አለ አሉ። የተጋቡበት ሙሉ ልብስ ነው፤ ሆዳቸው ላይ አልዘጋም ቢል እትዬ ሥራዬ በመርፌ ቁልፍ ያዙላቸው። አቶ ኪዳነ ወልድንና ጋሽ መልከጸዴቅን ጠሩ። ቾይ ከዩታ በአውሮፕላን መጣ። ዘንድሮም ፖም ይዟል፤ ወጉ የሚሠራው በፖሙ ይመስለዋል፣ እኔም አላረምኩትም። መንገድ ላይ ጋሼ መኪና ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። ጋሽ መልከጸዴቅ የሚጸልዩ መስሏቸው ኮፍያቸውን አወለቁ። አሥራ ሁለቱን እያጠኑ ነው።

ወይዘሮ ኑሪያ ሱቅ ስንገባ ኖላዊት ሚዛን ላይ በርበሬ ትለካለች። አራት ባለ ሙሉ ልብስ ጆንያዎቹ መሐል ተሰለፍን፤ እኔ አምስተኛው ቲሸርት ነኝ። ወይዘሮ ኑሪያ ገበያተኛ መስለናቸው ‘ግቡ፣ ግቡ፣ ወንበር አለ’ አሉ።

ኖላዊት አባቷን አየች። ቾይን አየች። ፖሙን አየች። ምንም የነገራት ሰው የለም፤ ግን ያን ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ስትሰማ ነበረች። ቀስ ብላ እጇን ጠረገች።

‘አይ ወይዘሮ ኑሪያ’ አለች በአማርኛ። ‘ይቁሙ።’

ቆምን። ሰው ገብቶ ምስር ገዛ፣ ሌላው የስልክ ካርድ ገዛ፣ እኛ ቆመናል። አቶ ኪዳነ ወልድ ሊጀምሩ ሲሉ ጋሼ በእጃቸው ያዟቸው። ራሳቸው ተናገሩ። ልጅሽን ስጪን ልንል መጥተናል፣ ልጅቷም አንቺው ነሽ፣ እኔ አባትሽ በረዶውን ወክዬ ነው የመጣሁት አሉ። ድምፃቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ መርፌ ቁልፉ ወግቷቸው ነው ብለው ኋላ ነገሩኝ።

ኖላዊት ሳትስቅ ‘የማን ዘር ነዎት?’ አለች።

እቴቴ፣ ጋሼ ደረታቸውን ነፍተው ቆጠሩ። ሰባተኛውን አለፉ። ዘጠነኛው ላይ ተደናቀፉና ቾይ በኩራት አገዛቸው፤ ለካ እሱም የእኛን አጥንቶ ኖሯል። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ሱቁ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ወይዘሮ ኑሪያ አለቀሱ። ምን እንደሆነ ግን ገና አልገባቸውም፤ የወደፊት ባሏን ለምን አላየሁትም ብለው ጠየቁኝ። ዋሽንግተን ሐይቅ አጠገብ አዳራሽ ውስጥ ተኝቷል፣ በጣም ቀዝቃዛ ልጅ ነው አልኳቸው።

ኖላዊት ‘ተቀመጡ’ አለች። ከዚያ አስብበታለሁ፣ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጥቻችኋለሁ አለች። ጋሼ እጅ ነስተው ወጡ። መኪና ውስጥ ‘ይቺ ልጅ አገሬን ናት’ አሉ፤ ከዚያ እስከ ሬንተን ድረስ ሳቁ።

ሁለት ሳምንቱ ትናንት ሞላ። ቁርስ ላይ ያንን የእርስዎን የሱፍ ጓንት አድርጋ ወረደችና ‘እሄዳለሁ፣ ስለፈለግሁ ነው የምሄደው’ አለች። እኔን እንቁላሌን ነጠቀችኝ። ድና ተነስታለች ማለት ነው።

የደስ ደስ ያለው፣
ፋኑኤል


ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 9 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለፋኑኤል፣

አምላክ ዕድሜና አደብ ይስጥህ፤ ዕድሜው ካነሰ አደቡን ያስቀድም።

የላክሃቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ደርሰውኛል። ሻንጋይ መሄዷን፣ ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ በክራንች መሄዷን፣ በክራንቹም አንተን መምታቷን አንብቤያለሁ። ደግ አደረገች። ሞስኮ ላይ አንደኛ ወጣች ብለህ በማግስቱ ደግሞ አራተኛ ነው ብለህ የጻፍከውን ግን አቁም። ልብ ነው ያለኝ። እድሩ ጠላ ጠምቆ ነበር፤ አራተኛ መሆኗ ሲታወቅ ለአራተኛ ጠጣነው።

እኔ ውጤት አልፈልግም። ከእንግዲህ በእያንዳንዱ ደብዳቤ መጀመሪያ መስመር ላይ አንድ ቃል ብቻ ጻፍልኝ፤ ቆማ ከጨረሰች ‘ቆመች’ በል። ያንን አይቼ ነው ሌላውን ቁጭ ብዬ የማነበው።

ወንድሜ አሁንም አይገባም ወይ? ውድድሯ ድረስ እየነዳ ሄዶ ውጭ መኪናው ውስጥ ይቀመጣል አልክ። አትግፋው።

አገሬ


ሬንተን፣ የካቲት 20 ቀን 2006 ዓ.ም.

ቆመች።

አሁን ይቀመጡ እቴቴ፣ ሰላምታው ኋላ ይደርሳል።

በገና ሰሞን ዩታ ላይ ምርጫው ነበረ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው መኪና ውስጥ ሊቀሩ ሞተሩን አጠፉ፣ ሬዲዮ ከፈቱ። እኔ ቁልፉን ነቅዬ ሮጥኩ። በዚያ ብርድ ማሞቂያ የሌለው መኪና ውስጥ ምን ያህል ይቆያሉ ብዬ ነው። እየተሳደቡ ተከተሉኝ፤ የያዙኝ መግቢያው አልፎ፣ ወንበሮቹ መሐል፣ ልክ የመነሻው ተኩስ ሲተኮስ ነው። ከዚያ በኋላ ክርኔን አልለቀቁትም። መታጠፊያ በመጣ ቁጥር ጋሼም ወደ ግራ ይጋደላሉ፤ እኔንም ይዘው ነው የሚጋደሉት። ኖላዊት ያ የወደቀችበት ቦታ ላይ ስትደርስ ክፍተቱ ነበረ። አልገባችበትም። ታገሠች፣ በውጭ በኩል ዞረች፣ አለፈች። አምስተኛዋ ተመራጭ ሆነች። ጋሼ አጠገባቸው የተቀመጠችውን የማያውቋትን ሴትዮ ሦስቴ ሳሟት።

ኦሎምፒኩ ላይ፣ ሶቺ፣ ደግሞ እኔ በሥራ ቦታዬ ቴሌቪዥን ነው ያየሁት፤ በረዶውን ለማለስለስ ሰዓቱ ደርሶ ሰው ቢጠብቅም ይጠብቅ ብዬ። በሺህ ሜትሩ የመጀመሪያ ዙር ሁለት ናቸው የሚያልፉት፤ እሷ ሦስተኛ ሆነች። ጫማ ጫፍ ያህል ነው የተቀደመችው። ስትጨርስ ግን ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ምንም ሳትገፋ፣ አንድ ዙር ዝም ብላ ተንሸራተተች፤ እየሳቀች።

አሁን ያለብን ችግር ጋሼ ናቸው። ግድግዳው ላይ የሚቀጥለውን ኦሎምፒክ ዓመት በትልቁ ጽፈው ለጥፈዋል። አራት ዓመት ምን አላት ይላሉ። የምላጭ መሞረጃ ገዝተዋል። ኖላዊት ስለሚቀጥለው ስትጠየቅ ወይ እሺ ወይ እምቢ አትልም፣ ወሬ ትቀይራለች። ስለዚህ ጋሼ በኅዳር ወደ እርስዎ ሊልኳት ቲኬት ቆርጠዋል። እኅቴ ትንገራት፣ የአገሬን ቃል አትጥልም ነው የሚሉት።

ሰላምታዬ ይኸው ደረሰ። እንደምን ከርመዋል?

ፋኑኤል


ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 25 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለፋኑኤል፣

ጤናህ ይብዛ። እንግዳችን በሰላም ገብታለች። ገና ከበር አንቺ ብላኝ ገባች፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ እርስዎ በይ የሚላት ጠፍቶ አደገች። እንዳታርማት፣ ወድጄዋለሁ።

ጉድ የሆነው በማግስቱ ነው። ኦሎምፒክ የሄደች ልጅ መጣች ተብሎ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ደጄን ሞላው። እዚህ ደግሞ ኦሎምፒክ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ። መሮጫ ጫማ ያለውም የሌለውም አሰፍስፎ ‘ነይ እንወዳደር’ አሏት። በረዶ ነው ብላቸው ማን ይሰማኛል? እሷም እንደ አንተው ናት፣ እሺ ብላ ወጣች። እስከ ብርድ ልብስ ፋብሪካው በር ደርሶ መልስ ተሮጠ። የጎረቤቴ የአምዴ ልጅ፣ ስምንት ዓመቱ፣ አንደኛ ወጣ። የወንድሜ ልጅ መጨረሻ ወጣች፤ ከእሷ ኋላ ይሮጥ የነበረው አንድ ውሻ ብቻ ነው፣ እሱም ሰልችቶት ተመለሰ። ሕፃናቱ ተሰብስበው አዩዋት። አንዲት ትንሽ ልጅ በሐዘኔታ እጇን ይዛ ‘አይዞሽ፣ ነገ ትለምጂያለሽ’ አለቻት።

እንዲህ ከሆነማ የምሠራውን ላሳያችሁ አለች። ኩሬው ላይ የጠዋት ውርጭ ይኖራል ብለን ብንሄድ ጣት አይሸከምም። ከዚያ የእድሩን አዳራሽ አስከፈተችን። ቤታቸው ሳሉ በካልሲ ለስላሳ ጣውላ ላይ እየተንሸራተቱ ይለማመዳሉ አለች። ሴቶቹ ወለሉን ሰም ቀባነው፣ በብርድ ልብስ ቁራጭ ወለወልነው፣ ፊታችን እስኪታይ ድረስ። ጎንበስ ብላ አንድ እጇን ጀርባዋ ላይ አድርጋ ከግድግዳ ግድግዳ ስትሄድ፣ ፋኑኤል፣ ድምፅ የለውም። አንተ ስትጽፍልኝ ስለ ፍጥነቱ ነበር። ድምፅ የለውም አላልከኝም። ሕፃናቱ ሁሉም ጫማቸውን አወለቁ። ሴቶቹም አወለቁ። የእድሩ ሰብሳቢ መምህሩ ሳህሌ ሁለት ጊዜ ወድቆ ሁለቱንም ጊዜ ተገፍቼ ነው ብሎ አቤቱታ አቀረበ። እኔም እጇን ይዤ ደርሶ መልስ ሄጃለሁ። ቆሜ ነው የጨረስኩት።

ወንድሜ አደራ ያለኝን አውቃለሁ። ሳልጠይቃት ሦስተኛ ሳምንት ሆነ። ትናንት ከአዳራሹ ስንመለስ እሷው አነሳችው።

‘አባዬ ምን በያት አለሽ?’

ሰም የነካው ካልሲዋን በእጇ ይዛ በባዶ እግሯ ጫማ አድርጋ ትሄዳለች። ፊቷ ላይ ከአዳራሹ የተረፈ ሳቅ ነበረ፤ ስትጠይቀኝ ግን ሲከስም አየሁት።

‘ገናን እዚሁ ካላሳለፈች እንዳትልኪያት አለኝ’ አልኳት።

ዋሸሁ። አንተን አሳድጌ ይህንን ሳልማር ልቀር ኖሯል? ሳቁ ተመለሰ። እስከ ቤት ድረስ በየአጥሩ ጥግ ወደ ግራ እየተጋደለች ሄደች። ትቀጥል እንደሆነ፣ ትተወው እንደሆነ፣ እኔ አላውቅም። የምታውቅበትን ጊዜ እሷ ትምረጠው።

አንተ ለወንድሜ እንዲህ በለው፤ አገሬ ጠይቃታለች፣ ልጅቷም መልሷን ነግራታለች፣ መልሱ በፖስታ ተልኳል በለው። ስልክ ልደውል ካለ ስልክ ለመርዶ ነው በለው። ፖስታ ደግሞ መዘግየት ልማዱ ነው። እስኪደርስ ድረስ በዚህች ልጅ ላይ የማንም ቀጠሮ የለም።

አገሬ